በልክ የተሰፋ ሕግ

ስለ ሕግና ስለ ሥልጣን አባቶቻችን ካወረሱን አባባሎች ሁለቱ ዘወትር ይጋጩብኛል። አንዱ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የሚለው ነው። ሌላው ሁለት ቃል ብቻ ነው፦ «በሕግ አምላክ!» ሁለቱንም ከአንድ ሽማግሌ አፍ፣ በአንድ ቀን ልትሰሟቸው ትችላላችሁ። የመጀመሪያው፣ ሕግ እንደ ዝናብ ነው፤ ከላይ ወደ ታች ይወርዳል እንጂ ወደ ላይ አይወጣም ይለናል። ሁለተኛው ደግሞ ሕግ ራሱ አምላክ አለው፤ በስሙ የተጠራ ሰው ማንም ይሁን ማን ባለበት ይቁም ይላል።

በድሮው የሙግት ሥርዓታችን ውስጥ ወደ ሁለተኛው የሚያደሉ ልማዶች ነበሩ። ተበደልኩ ያለ ሰው በዳዩን መንገድ ላይ «በሕግ አምላክ» ብሎ ያስቆመዋል። የሚያልፍ መንገደኛ «እስቲ ዳኘን» ተብሎ ይለመናል። ካልሆነም ከሳሽና ተከሳሽ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥረው፣ ቁራኛ ሆነው፣ ዳኛ ዘንድ ይሄዳሉ። የቁራኛን ነገር ሳስብ ሁልጊዜ የሚገርመኝ፣ ቋጠሮው የሚይዘው ተከሳሹን ብቻ አለመሆኑ ነው። ከሳሹም ታስሯል። አንዱ ሲቆም ሌላውም ይቆማል፣ አንዱ ሲራመድ ሌላውም ይራመዳል።

እዚህ ላይ ማንሳት የምፈልገው ጥያቄ ቀላል ነው። ሕጉን የሚጽፈው ሰውስ? እሱ ከነጠላው ጫፍ ተቋጥሯል ወይስ ዳር ቆሞ ነው የሚያየው? መልሱን ባለፉት መቶ ዓመታት ገደማ ታሪካችን ውስጥ ስፈልግ የደረስኩበትን ከወዲሁ ልናገር። በእኛ አገር ሕግ አውጪው ከሕግ የሚያመልጠው አብዛኛውን ጊዜ ሕግ በመጣስ አይደለም፤ ሕግ በመስፋት ነው። ለራሱ ሰፋ፣ ለጠላቱ ጠበብ አድርጎ ይሰፋል። ያ ልብስ ግን ከተሰፋለት ሰው ገላ ላይ ብቻ አይቀርም፤ ሌላውም ይለብሰዋል፤ አንዳንዴ ሰፊው ራሱ።

ምላስና እጅ

በሐምሌ 1923 ዓ.ም. የወጣው የመጀመሪያው ጽሑፍ ሕገ መንግሥት ሁለት ምክር ቤቶች አቋቋመ፤ የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ። አባላቱን ግን ሕዝብ አልመረጣቸውም። የመወሰኛውን ንጉሠ ነገሥቱ፣ የመምሪያውን መኳንንቱና የየአካባቢው ሹማምንት ነበሩ የሚመርጡት፤ ሕዝቡ ራሱ ለመምረጥ እስኪበቃ ድረስ ተብሎ። የንጉሠ ነገሥቱ ሰውነት ቅዱስ፣ ክብራቸው የማይደፈር መሆኑም ተጻፈ። «ሰማይ አይታረስ» የሚለው አባባል የሕገ መንግሥት አንቀጽ ሆነ ማለት ነው።

በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ይህንን እንዳለ አስቀጥሎ አዲስ ነገር ጨመረበት። ሕዝብ የመምሪያ ምክር ቤቱን እንደራሴዎች እንዲመርጥ ፈቀደ። እንደራሴውም በምክር ቤቱ ውስጥ በተናገረው ቃል እንዳይከሰስ፣ ጉባኤው ባለበት ጊዜ ደግሞ እጅ ከፍንጅ ካልተያዘ በቀር ያለ ምክር ቤቱ ፈቃድ እንዳይታሰር ደነገገ። ዛሬ በየዜናው «ያለመከሰስ መብት» እየተባለ የምንሰማው ነገር ወደ እኛ የገባው በዚህ መንገድ ነው።

መብቱ ከእኛ ጓዳ የበቀለ አይደለም፤ ሥሩን ለማየት እንግሊዝ አገር መሄድ ያስፈልጋል። እ.ኤ.አ. ጥር 1642 ንጉሥ ቻርልስ አንደኛ ወታደር አስከትሎ ፓርላማ ገባ። አምስት አባላትን ሊይዝ ነበር። አምስቱ ወሬው ደርሷቸው ቀድመው ሾልከዋል። ንጉሡ «የት አሉ?» ብሎ አፈ ጉባኤውን ዊሊያም ሌንታልን ሲጠይቀው፣ ሰውዬው ተንበርክኮ፣ እዚህ ቦታ ላይ ምክር ቤቱ ካላዘዘኝ በቀር የማይበት ዓይን፣ የምናገርበት አንደበት የለኝም የሚል መልስ ሰጠው። ንጉሡ ባዶ እጁን ወጣ። ከዚያ የእርስ በርስ ጦርነት መጣ፤ በ1649 የንጉሡ አንገት ተቀላ፤ በ1689 በወጣው የመብቶች ሕግም በፓርላማ ውስጥ የተነገረ ነገር በየትኛውም ፍርድ ቤት እንደማይጠየቅበት ተጻፈ።

መብቱ የተወለደው እንግዲህ ከፍርሃት ነው። ጉልበት ያለው ንጉሥ፣ ጉልበት የሌለውን ተናጋሪ አፍ እንዳይዘጋ። እኔ በሁለት ከፍዬ ነው የማየው። አንደኛው የምላስ ጥበቃ ነው፤ እንደራሴው በተናገረውና ድምፅ በሰጠበት ጉዳይ፣ ያኔም ሆነ በኋላ፣ አይከሰስም። ሁለተኛው የሰውነቱ ጥበቃ ነው፤ ሳይነገር፣ ሳይፈቀድ፣ ሌሊት በሩ ተንኳኩቶ አይወሰድም። ይኼኛው ግን በር እንጂ ግድግዳ አይደለም። ምክር ቤቱ ማስረጃውን አይቶ ይከፍተዋል። እንደራሴው ሰው ቢደበድብ፣ ጉቦ ቢቀበል፣ የሕዝብ ገንዘብ ቢወስድ፣ በሩ ይከፈታል፤ እሱም እንደ ማንኛችንም ዳኛ ፊት ይቆማል። ምላስን ሊጠብቁ ያጠሩት አጥር፣ እጅ እንዲደበቅበት አልነበረም።

ወረቀቱ ላይ ያለው ይኼ ነው። አሁን ወደ ኖርንበት ልለፍ።

ያልተጨረሰው ምርመራ

በየካቲት 1966 ዓ.ም. የጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ሀብተ ወልድ ካቢኔ ከሥልጣን ወረደ። አገሩ በሙሉ ይጠይቅ ነበር። የወሎው ረኃብ ለምን ተደበቀ? የሕዝቡ ገንዘብ የት ገባ? በዚያው ዓመት አንድ መርማሪ ኮሚሽን በሕግ ተቋቋመ። ፕሮፌሰር መስፍን ወልደ ማርያምን የመሰሉ ሰዎች ነበሩበት። ሥራው የቀድሞዎቹን ባለሥልጣናት መጠየቅ፣ ማስረጃ መሰብሰብና ጥፋተኛ መስሎ የታየውን ለፍርድ ማቅረብ የሚቻልበትን መንገድ ማመልከት ነበር።

ይህንን ጉዳይ ብዙ ጊዜ እንደ ግርጌ ማስታወሻ እናልፈዋለን። እኔ ግን ቆም ብዬ ላየው እወዳለሁ። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉ ከ1953 ዓ.ም. ጀምሮ በጠቅላይ ሚኒስትርነት፣ ከዚያ በፊትም በውጭ ጉዳይና በጽሕፈት ሚኒስቴር፣ አገሪቱ ሕግ ስታወጣ ከጠረጴዛው ዳር ያልጠፉ ሰው ናቸው። አሁን እስር ላይ ሆነው፣ ብዕር ይዘው፣ ለኮሚሽኑ ስለ አገልግሎታቸው ይጽፋሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ በመጽሐፍ ታትሞ ያነበብነው የአክሊሉ ማስታወሻ ከዚያ የተገኘ ነው። ማስታወሻውን የሚወዱትም የሚጠሉትም አሉ፤ ራሳቸውን ለመከላከል የጻፉት ነው የሚል ሰውም አልተሳሳተም፤ የተጠየቀ ሰው የሚጽፈው መከላከያ ነው። ትልቁ ነገር መጠየቃቸው፣ መመለሳቸውም ነው። «አይከሰስ» ሲባል በኖረበት አገር ሹም ለጥያቄ በጽሑፍ መልስ ሲሰጥ ማየት ትንሽ ነገር አይደለም።

ምርመራው አላለቀም። ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ሌሊት፣ ደርግ ወደ 60 የሚጠጉ ሰዎችን ገደለ። ጸሐፌ ትእዛዝ አክሊሉና እሳቸውን የተኩት ልጅ እንዳልካቸው መኰንን፣ ጄኔራሎች፣ ራሶች፣ ሚኒስትሮች። ፍርድ ቤት አልቀረቡም። በዚያው ኅዳር ወር ደርግ ልዩ የወንጀለኛ መቅጫ ሕግና ልዩ የጦር ፍርድ ቤት የሚያቋቁም አዋጅ አውጥቶ ነበር። የሚገርመው፣ ያንን እንኳን አልተጠቀመበትም። የራሱን ሕግ፣ ቀለሙ ሳይደርቅ፣ ራሱ ዘለለው።

«እነሱስ መቼ ሕግ ያውቁ ነበር?» የሚል ሰው ብዙ ገጥሞኛል። ይሁን። ግን እስቲ የጠፋውን እንቁጠር። ምርመራው ቢጨረስ ኖሮ ከእነዚያ ሰዎች ጥቂቱ ጥፋተኛ ይባል ነበር፤ ጥቂቱ ነፃ ይወጣ ነበር፤ ወሎ ላይ ማን ምን እንደደበቀ በስም፣ በቀን፣ በፊርማ እናውቅ ነበር። ጥይት ይህንን አይለይም። ጥፋተኛውንም ንጹሑንም አንድ ጉድጓድ ውስጥ አስተካክሎ አስተኛቸው። ከዚያ በኋላ ልጆቻቸው «አባቴ ንጹሕ ነበር» ሲሉ፣ ሌላው «ሌባ ነበር» ሲል፣ ሃምሳ ዓመት ሆነን። የሚዳኝ ወረቀት የለንም።

«መንግሥት ነበርን»

ደርግ ወታደር ብቻ አልነበረም፤ ሕግ አውጪም ነበር። ከ100 በላይ አባላት ያሉት ጉባኤ ተሰብስቦ ይወስናል፣ ውሳኔው በነጋሪት ጋዜጣ አዋጅ ሆኖ ይወጣል። መሬት ላራሹን ያወጁት እነሱ ናቸው፤ ቀይ ሽብርን የመሩትም እነሱ ናቸው። ቀን ሕግ ሲጽፍ የዋለው እጅ ማታ የሞት ትእዛዝ ይፈርም ነበር።

ግንቦት 1983 ሲደርስ ሥርዓቱ ወደቀ። በ1984 የልዩ ዐቃቤ ሕግ ጽሕፈት ቤት ተቋቋመ፤ የዋነኞቹ የደርግ አባላት ችሎት በታኅሣሥ 1987 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተከፈተ። የትኛው ሕግ ነው የተጠቀሰባቸው? አዲስ የተሰፋ ሕግ አልነበረም። በ1949 ዓ.ም.፣ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን፣ ስዊዘርላንዳዊው ዣን ግራቨን ካረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አንቀጽ 281 ነው፤ ስለ ዘር ማጥፋት የሚደነግገው። ይህ አንቀጽ ከዓለም አቀፉ ስምምነት ሰፋ ያለ ነበር፤ የፖለቲካ ቡድንንም ይጠብቃል። ደርግ 17 ዓመት ሲገዛ ይህንን መጽሐፍ አልጣለውም። ሌባውን፣ ነፍሰ ገዳዩን፣ አጭበርባሪውን በመደበኛ ፍርድ ቤቶቹ ሲያስቀጣበት ኖሯል። ለራሱ የሚጠቀስ አልመሰለውም እንጂ።

የተከሳሾቹ መቃወሚያ ባጭሩ «መንግሥት ነበርን» የሚል ነው። ሕግ የማውጣት ሥልጣን በእጃችን ነበር፤ ያደረግነው በዚያ ሥልጣን ነው፤ የአገር መሪ አይከሰስም። የድሮው አባባል በካኪ ልብስ ተመልሶ መጣ። ፍርድ ቤቱ አልተቀበለውም። ማስረጃው ደግሞ በብዛት የራሳቸው ወረቀት ነበር፤ ቃለ ጉባኤ፣ ትእዛዝ፣ ማኅተም፣ ፊርማ። የቢሮ ሥራቸውን በደንብ ሰንደው ያስቀመጡ ሰዎች ነበሩ።

በታኅሣሥ 1999 ዓ.ም. ፍርዱ ሲሰጥ ከዳኞቹ አንዱ ተለዩ። የእሳቸው ሐሳብ፣ አንቀጽ 281 ለፖለቲካ ቡድን የሚሰጠው ጥበቃ ደርግ በኋላ ባወጣቸው ሕጎች ተሽሯል፤ ስለዚህ ጥፋቱ በዘር ማጥፋት ሳይሆን በሌላ አንቀጽ፣ ለምሳሌ በከባድ ነፍስ ግድያ፣ ይታይ የሚል ነበር። ይለቀቁ አላሉም። የሕግ ክርክሩ ቀላል የሚባል አይደለም፤ እኔም ብዙ ጊዜ እየተመለስኩ አስቤበታለሁ። ግን ወደየት እንደሚወስደን ተመልከቱ። ሕግ አውጪው መጀመሪያ አንድን ቡድን በአዋጅ ከሕግ ጥላ ያስወጣል፤ ቀጥሎ ይገድለዋል፤ ተከስሶ ሲቀርብ «ያኔ የሚከለክል ሕግ አልነበረም» ይላል። ልብስ ሰፊው ሟቹን ከመግደሉ በፊት የሕጉን ኪስ ቀዶታል ማለት ነው። ሌሎቹ ዳኞች ይህንን በር ዘጉ።

ችሎቱ እንከን አልነበረውም አልልም። 12 ዓመት ፈጀ። ፍርዳቸውን ሳይሰሙ እስር ቤት የሞቱ አሉ። በጥር 1999 የተበየነው የዕድሜ ልክ እስራት በ2000 በጠቅላይ ፍርድ ቤት ወደ ሞት ከፍ አለ፤ በ2003 ደግሞ ወደ ዕድሜ ልክ ተመለሰ። ዋናው ሰው መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ከዚምባብዌ አልተነቃነቁም፤ የቁራኛው ነጠላ ሐራሬ ድረስ አይደርስም። ይኼ ሁሉ ሆኖ፣ ከስድሳዎቹ ጋር ስናስተያየው አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ተከሳሾቹ ጠበቃ ነበራቸው፤ መቃወሚያቸው ተሰማ፤ የተለየ ሐሳብ ያለው ዳኛም ሐሳቡን ጻፈ። ለአክሊሉ የተነፈገው ነገር ለነፋጊዎቹ ተሰጠ።

የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 28 ከዚህ ልምድ የተቀዳ ይመስለኛል። የዘር ማጥፋት፣ ያለ ፍርድ መግደል፣ ሰው መሰወር፣ ኢሰብዓዊ ድብደባ በይርጋ አይታገዱም፤ ሕግ አውጪው ክፍልም ሆነ ሌላ የመንግሥት አካል በምሕረት ወይም በይቅርታ ሊያልፋቸው አይችልም ይላል። ሲጻፍ በሁሉም ዓይን ፊት የነበረው ደርግ ነው። ግን የደርግ ስም የለበትም። ከዚያ በኋላ የመጣውንም፣ ወደፊት የሚመጣውንም ያስራል። ሕግ አውጪ የራሱን እጅ ሲያስር ያየሁበት አንቀጽ ቢኖር ይኼ ነው።

ለአንድ ሰው የወጣ ሕግ

የሚያሳዝነው፣ ያንኑ ሕገ መንግሥት ያጸደቀው ሥርዓት ብዙ ሳይቆይ መቀሱን አነሳ።

በ1989 ዓ.ም. ምክትል ጠቅላይ ሚኒስትርና የመከላከያ ሚኒስትር የነበሩት ታምራት ላይኔ ከሥልጣን ተነሱ፤ ታሰሩ፤ በ1992 በሙስና 18 ዓመት ተፈረደባቸው። ብዙ ሰው ያኔ «አየህ፣ ትልቁም ይጠየቃል» ብሎ ነበር። ተጠየቁ፤ እውነት ነው። ሕጉ ያገኛቸው ግን ከወንበሩ ከወረዱ በኋላ ነው። ወንበሩ ላይ ሳሉ የት ነበር?

ሁለተኛው ታሪክ ይበልጥ ያስተምራል። በ1993 ዓ.ም. የሕወሓት ክፍፍልን ተከትሎ የቀድሞው የመከላከያ ሚኒስትር ስዬ አብርሃ በሙስና ተጠርጥረው ታሰሩ። ጉዳዩን ያዩት ወጣቷ ዳኛ ብርቱካን ሚደቅሳ በዋስ እንዲለቀቁ አዘዙ። ስዬ ከፍርድ ቤቱ ሳይርቁ ዳግም ተያዙ። በዚያው ሰሞን የተወካዮች ምክር ቤት አዋጅ ቁጥር 239/1993ን አጸደቀ፤ በሙስና ተጠርጥሮ የተያዘ ሰው ዋስትና አይፈቀድለትም የሚል። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 የዋስትናን መብት ሰጥቶ፣ በሕግ በተደነገጉ ልዩ ሁኔታዎች ፍርድ ቤት ዋስትና ሊነፍግ ይችላል ይላል። «ሊነፍግ ይችላል» ማለት አመዛዛኙ ዳኛው ነው ማለት ነው። አዋጁ ማመዛዘኑን ከዳኛው እጅ ወሰደው። ሕዝቡ ነገሩ ገብቶት «የስዬ ሕግ» አለው።

ስዬ ስድስት ዓመት ያህል ታስረው በ1999 ወጡ። ግን ያ ሕግ የስዬን ብቻ በር አልዘጋም። የቀበሌ ገንዘብ ያዥ፣ የመጋዘን ዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ፣ የጨረታ ኮሚቴ ውስጥ ስሙ የገባ የወረዳ ጸሐፊ፣ ሁሉም በሙስና ከተጠረጠረ ያለ ዋስ ይቀመጣል፤ በ1997 በወጣ ሌላ አዋጅ እስኪላላ ድረስ። ለአንድ ኃያል ሰው የተሰፋው ጥብቅ ልብስ ስማቸውን ማንም የማያውቃቸውን ሰዎች አነቀ። ድምፅ ለመስጠት እጃቸውን ካወጡት እንደራሴዎች መካከል «ነገ እኔ ብያዝስ?» ብሎ ያሰበ ስንት ነበር?

በዚያው ዘመን ሌላም ነበር። ፕሬዚዳንት ነጋሶ ጊዳዳ ከገዢው ፓርቲ ተጣልተው የሥልጣን ጊዜያቸው ሲያበቃ፣ በ1994 መጀመሪያ፣ ከሥልጣን የወረደ ፕሬዚዳንት በፓርቲ ፖለቲካ ከገባ ጥቅማጥቅሙን ያጣል የሚል አዋጅ ወጣ። እሳቸው በ1997 በግል ተወዳድረው ምክር ቤት ገቡ፤ ቤቱም መኪናውም ቀረባቸው። በወቅቱ ከሥልጣን የሚወርድ ፕሬዚዳንት አንድ ብቻ ነበር። የልኩ ባለቤት ማን እንደሆነ ለማወቅ ሜትር አያስፈልግም።

የዳኛዋ ታሪክስ? ብርቱካን በኋላ ወደ ፖለቲካ ገቡ፤ በ1997ቱ ምርጫ ከቅንጅት መሪዎች አንዷ ሆኑ። ፓርቲው ምክር ቤት አልገባም ባለ ጊዜ፣ በጥቅምት 1998 መጀመሪያ፣ ምክር ቤቱ የቀሩትን ተመራጮች ያለመከሰስ መብት አነሳ። ከሳምንታት በኋላ መሪዎቹ ታሰሩ። ከክሶቹ አንዱ የዘር ማጥፋት ሙከራ የሚል ነበር፤ ደርግ የተከሰሰበት ያ ከባድ ቃል፣ አሁን በምርጫ ለተወዳደሩ ሰዎች ተመዘዘ። በኋላ ያ ክስ ቀረ፤ በሌሎቹ ግን የዕድሜ ልክ እስራት ተፈረደባቸውና በይቅርታ ወጡ። ብርቱካን ዳግም ታስረው ዳግም ተፈቱ። ያ ሁሉ አልፎ ስዬ፣ ነጋሶና ብርቱካን በአንድ ፓርቲ፣ በአንድነት፣ ጥላ ሥር ተገናኙ። የመከላከያ ሚኒስትር የነበረው፣ ፕሬዚዳንት የነበረውና ዳኛ የነበረችው። ልብ ወለድ ቢሆን «አጋነንከው» ይባል ነበር።

ከእነዚህ ታሪኮች አንድ መልክ ይወጣል። ያለመከሰስ መብት በእኛ አገር የተገላቢጦሽ ሠርቷል። ሥልጣን ላይ ላለው ሰው አላስፈለገውም፤ ማን ይከሰዋል? ሥልጣን የሌለውን ደግሞ በሚያስፈልገው ሰዓት ተነሳበት፣ ወይም ጭራሽ አልተጠየቀም። በ2015 ክረምት የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ በታወጀ ሰሞን የተወካዮች ምክር ቤት አባሉ ክርስቲያን ታደለ የታሰሩት ምክር ቤቱ መብታቸውን ከማንሳቱ በፊት ነበር። ሰውየው የሚከሰሱበት ነገር ይኑር አይኑር ሌላ ጉዳይ ነው፤ እሱን ዳኛ ይየው። በሩ ግን ሳይንኳኳ ተከፈተ።

የእንግሊዞቹ ደረሰኝ

መብቱ የተወለደበት አገር በቅርቡ ምን እንደገጠመው ማየት ይጠቅማል። እ.ኤ.አ. በ2009 የእንግሊዝ ፓርላማ አባላት ለቤት ኪራይ፣ ለቤት ብድር፣ ለጥገና እያሉ ከመንግሥት ካዝና የወሰዱት ገንዘብ በጋዜጣ ወጣ። አፈ ጉባኤው ሥልጣን ለቀቀ። ጥቂቶቹም በሐሰተኛ ሰነድ ተከሰሱ። ከነሱ ሦስቱ፣ ዴቪድ ቼይተር፣ ኤልየት ሞርሊና ጂም ዴቫይን፣ የ1689ኙን ሕግ መዘው መጡ። የወጪ መጠየቂያ ቅጽ መሙላት የፓርላማ ሥራ ነው፤ ስለዚህ ፍርድ ቤት ሊያየን አይችልም አሉ።

ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በታኅሣሥ 2010 መልሱን ሰጠ። ጥበቃው ለክርክርና ለድምፅ ነው፤ ለደረሰኝ አይደለም። ቼይተር 18 ወር ተፈረደበት፤ ሁለቱም ተከትለው ታሰሩ። ቻርልስ ወታደር ይዞ ከገባ 369 ዓመት አልፎ ነበር፤ አጥሩ የተሠራው ለምላስ መሆኑን ለማስታወስ ግን ያ ሁሉ ዘመን አልከበደም። ሰዎቹ የተያዙት ወንበራቸውን ሊያጡ ቀን ሲቀራቸው በተቀናቃኝ ፓርቲ ውሳኔ አልነበረም፤ ማንኛውም የሒሳብ ሠራተኛ በሚከሰስበት አንቀጽ፣ በመደበኛ ፍርድ ቤት ነው። እዚያም ቢሆን ወረቀቱ በጋዜጠኛ እጅ ባይወጣ ኖሮ ማን ያውቅ ነበር?

እኛም የሚመስለው ወረቀት አለን። አዋጅ ቁጥር 668/2002 ተሿሚዎችና ተመራጮች ሀብታቸውን እንዲያሳውቁና እንዲያስመዘግቡ ያስገድዳል፤ የምክር ቤት አባላት ጭምር። ሕጉ መረጃው ለሕዝብ የሚደርስበትን መንገድም አስቀምጧል። ሱቅ ያለው ጎረቤቴ የዓመቱን ገቢ ለግብር ሲያሳውቅ ከሽያጭ ደረሰኙ አንድ ቅጠል ብትጎድል ይቀጣል። እንደራሴዬ ቤትና መሬቱን ያስመዘገበበትን ወረቀት ግን በጋዜጣ ታትሞ አይቼ አላውቅም። የሁለቱ ግዴታ በሕግ አንድ ዓይነት ነው፤ የሚያየው ዓይን ነው የሚለየው።

ጉድጓዱ

«ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውም» ይላል ያገሬ ሰው። ይህንን እንደ ተራ ምክር ነበር የምሰማው። ታሪካችንን ሳነብ ግን የሕግ አወጣጥ መመሪያ ሆኖ አገኘሁት። ጥሩ ሕግ ማለት፣ የጻፈው ሰው ነገ ራሱ ሊገባበት እንደሚችል አውቆ የጻፈው ነው። አንቀጽ 28 እንዲህ ተጻፈ። የዋስትናው አዋጅ እንዲህ አልተጻፈም።

ስለዚህ አዲስ አዋጅ ሲመጣ ሦስት ነገር መጠየቅ ለምጄአለሁ፤ እናንተም ሞክሩት። አንደኛ፦ ይህ ሕግ የወጣው ሰሞኑን ስሙ በዜና በሚነሳ አንድ ሰው ወይም ቡድን ምክንያት ነው? ከሆነ፣ ስሙን አውጥታችሁ የእንደራሴውን ስም አስገቡና ደግማችሁ አንብቡት። ሁለተኛ፦ ዳኛው እንዲያመዛዝን ይተዋል ወይስ ማመዛዘኑን ይነጥቀዋል? ከዳኛ እጅ የተነጠቀ ነገር ሁሌም የሚገባው ባለጉልበቱ እጅ ነው። ሦስተኛ፦ ሕግ አውጪው ራሱን የሚያስወጣበት ቀዳዳ አለው? ካለው፣ ቀዳዳው የምላስ ነው ወይስ የእጅ? የምላስ ከሆነ ተዉለት፤ እንዲያውም ጠብቁለት። የእጅ ከሆነ ጠይቁ።

እንደራሴዎች ከእኛ የተሻሉ ሰዎች እንዲሆኑ አልጠብቅም፤ የባሱ ናቸውም አልልም። የኛው ጎረቤቶች ናቸው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 12 ማንኛውም ኃላፊና የሕዝብ ተመራጭ ኃላፊነቱን ሲያጓድል ተጠያቂ ይሆናል ይላል፤ በአንቀጽ 54 ደግሞ መራጩ አመኔታ ያጣበትን እንደራሴ ከቦታው ማንሳት እንደሚችል ይናገራል። ሁለቱም በአማርኛ ተጽፈዋል፤ ለማንበብ ጠበቃ አያስፈልግም። የሚቀጥለው አዋጅ ለምክር ቤት ሲቀርብ፣ እጁን ሊያወጣ የተዘጋጀውን የወረዳችሁን እንደራሴ ስልክ ደውላችሁ አንድ ጥያቄ ጠይቁት፦ «ይህ ሕግ ላንተም ይሠራል?» መልሱን ከነቀኑ ጻፉና አስቀምጡት።